ሲሞቅ አልነሳ የሚለው አልፋ ሮሜዮ

ጥያቄ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1974 ሥሪት የሆነች ባለ 2000 ሞተር አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር አለችኝ። ከአባቴ የወረስኳት ስትሆን፣ ለብዙ ዓመታት ግቢያችን ውስጥ ቆማ ከኖረች በኋላ አምና አስጠግኛት መንዳት ጀምሬያለሁ። ጠዋት ቁልፉን እንዳዞርኩ ትነሳለች። ችግሩ የሚመጣው በቀትር ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር ጉዳዬን ፈጽሜ ስመለስ፣ ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ» የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል እንጂ ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። ግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ ሥር ካረፈች ግን ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። አዲስ ባትሪ ገዝቼ ለውጥ አላየሁም፤ መካኒኬ ደግሞ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ክፍል) ይቀየር ይላል። በቅርቡም ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ለጥቂት ጊዜ አቁሜያት፣ ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ አልነሳ ብሎኝ ነበር። ሁለቱ አንድ ችግር ናቸው? ከየትስ ልጀምር?
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሞተሪኖውን ለጊዜው አይግዙ። ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መበላሸቱን የሚያሳይ ልኬት እስካሁን አልተወሰደም፤ አዲሱም ባትሪ የተገዛው እንዲሁ በግምት ነው። ሲቀዘቅዝ የሚነሳ፣ ሲሞቅ ግን «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚል መኪና ዕድሜ በጠገቡ ስፖርት መኪኖች ዘንድ የተለመደ ነው፤ መንስኤውም ብዙውን ጊዜ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ባለው መንገድ ላይ የሚባክነው ቮልቴጅ ነው። የደንገጎው ችግር ሌላ ምርመራ ስለሚፈልግ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

የሚሰሙት «ጠቅታ» ሞተሪኖው ላይ ከተቀመጠው ሶሌኖይድ የሚመጣ ነው። ሶሌኖይዱ ሁለት ሥራ አለው፤ የሞተሪኖውን ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጥርስ ጋር ያገናኛል፣ በዚያው ቅጽበትም ወፍራሙን የመዳብ ግንኙነት ዘግቶ ከባትሪ የሚመጣውን ከባድ ኃይል ወደ ሞተሪኖው ያስገባል። ስለዚህ ጠቅታው ሲሰማ ወይ ሶሌኖይዱ ጉልበት አንሶት ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ወይ ሥራውን ጨርሶ ኃይሉ ግን ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም። የመዳብ ሽቦ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ተቃውሞው በ0.4 በመቶ ገደማ ያድጋል። ሞተር ላይ ተለጥፎ የሚውለው ሶሌኖይድ ከ30 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ የጥቅልሉ ተቃውሞ በሩብ ያህል ይጨምራል ማለት ነው። በድሬዳዋ ቀትር ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ኮፋኑ ሥር የታመቀው ሙቀት ቶሎ አይወጣም። ጠዋት በችግር የሚበቃው ቮልቴጅ በቀትር የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

በእርስዎ መኪና ላይ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። ኃይሉ በረጅም ኬብል የመኪናውን ቁመት አቋርጦ ወደ ፊት ይሄድና በቦዲው በኩል ይመለሳል። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የተቀመጡት በላስቲክ ትራሶች ላይ ስለሆነ፣ ከቦዲው ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኛቸው የማሳ ኬብል (ማሳ ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የመኪናው ብረት ነው) ብቻ ነው። ለዓመታት የቆመ መኪና ላይ ይህ ኬብል ከቀለም፣ ከዝገትና ከአቧራ በታች ተቀብሮ ይገኛል። ማሳው ሲደክም ኃይሉ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ ቁልፉን ደጋግመው ካዞሩ በኋላ የቾክ ገመዱ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለማስነሳት የሚሳበው) እጅ የሚያቃጥል ሆኖ ካገኙት፣ የሞተሪኖው ኃይል በዚያች ቀጭን ገመድ እየተመለሰ ነውና ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

ምርመራው መደረግ ያለበት ችግሩ በሚታይበት ሰዓት፣ ማለትም መኪናው ሞቆ አልነሳ ሲል ነው። ጠዋት ጋራዥ ወስደው ቢያስለኩት ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ይገኛል። የሚያስፈልግዎት ቴስተር (የቮልት መለኪያ)ና ቁልፉን ይዞ የሚያዞርልዎ ሰው ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ድንገት እንዳይነሳም ከቦቢናው (ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥለው እሳት ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚያመነጨው ጥቅልል) መሃል የሚወጣውን ወፍራም ሽቦ ነቅለው ጫፉን ከማሳ ጋር ያገናኙት።

መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው የእርሳስ ምሰሶዎች ላይ ያሳርፉ፤ ማያያዣዎቹ ላይ ሳይሆን ምሰሶዎቹ ላይ። በደንብ የተሞላ ባትሪ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል። ቁልፉ ዞሮ ጠቅታው ሲሰማ ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ተይዞ ከልክ ያለፈ ኃይል እየሳበ ነው። ጠቅታው ተሰምቶ ባትሪው ከ12 ቮልት ካልወረደ ግን ኃይሉ ከባትሪው አልወጣም፤ መንገድ ላይ የዘጋው ነገር አለ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ልኬት ላይ ነው። ቁልፉ ሳይዞር ሞተሪኖው ላይ 12 ቮልት ያነብና «ኃይል ደርሷል» ብሎ ይደመድማል። በኬብሉ ውስጥ የሚያልፍ ኃይል በሌለበት ጊዜ የሚባክን ቮልቴጅም የለም፤ ከውስጡ ተበልቶ ጥቂት ክር ብቻ የቀረው ኬብል እንኳ ቴስተር ላይ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል። ስለዚህ የሚለካው ብክነቱ ነው። ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ጥቁሩን ደግሞ ሞተሪኖው ላይ 30 ቁጥር በተጻፈበት ወፍራም ብሎን ላይ አድርገው ቁልፉ ተይዞ እያለ ያንብቡ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ኬብሉ ወይም ማያያዣው ጥፋተኛ ነው። ቀጥሎ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶና በሞተሪኖው አካል መካከል ይለኩ፤ እዚህ ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ከባትሪው እስከ ቦዲው፣ ከዚያም ከቦዲው እስከ ካምቢዮው እየከፋፈሉ ሲለኩ ቦታው ራሱን ያሳያል። ያን ጊዜ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈተው መገናኛውን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት፤ የማሳ ኬብሉን ግን አዲስ ቢያደርጉት ይሻላል፣ ዋጋው ከሞተሪኖው ጋር አይወዳደርም።

ሦስተኛው ልኬት፣ የእርስዎን ምልክት ስመለከት በእኔ ግምት መልሱ የሚገኝበት፣ 50 ቁጥር የተጻፈበት ቀጭን ሽቦ የሚገባበት ጫፍ ነው። በዚህ ጫፍና በሞተሪኖው አካል መካከል፣ ቁልፉ ተይዞ እያለ፣ ከባትሪው ቮልቴጅ ከአንድ ቮልት ብዙ ያላነሰ መገኘት አለበት። ባትሪው 12 ሆኖ እዚህ 8 ብቻ ከደረሰ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያገለገለው የቁልፍ ማብሪያና ሽቦው ቀሪውን እየበሉት ነው። መፍትሔው ባለ አራት እግር ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቅ ኃይል የሚያሳልፍ ማብሪያ) ነው፤ እግሮቹ በቁጥራቸው የሚያያዙት እንዲህ ነው፦ 30 ከባትሪው በፊውዝ በኩል፣ 87 ወደ ሞተሪኖው 50፣ ከቁልፉ የሚመጣው የቀድሞ ሽቦ ወደ 86፣ 85 ደግሞ ወደ ማሳ። ከሞተሩ ሙቀት ራቅ ብሎ ይታሰር። የመኪናዋ ጥንታዊነት ይበላሻል ብለው ቢሰጉ፣ ሪሌው አንድም ሽቦ ሳይቆረጥ ሊገባና ሊወጣ ይችላል፤ የቁልፉንም ማብሪያ ከመቃጠል ያድነዋል።

ሦስቱም ልኬቶች ደህና ሆነው ጠቅታው ብቻ ከቀረ ሞተሪኖውን ማውረድ ተገቢ ነው። ያኔም ቢሆን የሶሌኖይዱ መዳብና ብሩሾቹ ተቀይረው የሚድን ከሆነ ይታይ፤ የባቡሩ ዋና ወርክሾፕ በነበረባት ከተማ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያውቅ እጅ አይጠፋም።

ወደ ደንገጎው ስንመለስ፣ ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ ካልተነሳ መጀመሪያ የሚታየው የካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) እሳት ነው። አንድ ካንዴላ ነቅለው፣ ከሽቦው ጋር አገናኝተው አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር በማስነካት ሞተሩን ያሽከርክሩ፤ ከነዳጅ ትነት ራቅ ይበሉ፣ ካንዴላውንም በባዶ እጅ አይያዙ። ሰማያዊና ጠንካራ እሳት ካለ ችግሩ የኤሌክትሪክ አይደለም፤ በዳገቱ ሙቀት ቤንዚኑ ካርበሬተሩ ውስጥ ፈልቶ ይሆናል። እሳቱ ከጠፋ ወይም ቢጫና ደካማ ከሆነ፣ የአንድ አምፖል መሞከሪያ በቦቢናው ኔጌቲቭና በማሳ መካከል አድርገው ሞተሩ ሲዞር ይመልከቱ። ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው (የቦቢናውን ኃይል የሚከፍተውና የሚዘጋው) እየሠራ ነው፤ ቦቢናውን ወይም ከፑንቲናው ጋር የተያያዘውንና ሲሞቅ የሚሰንፈውን ኮንደንሰር ይጠርጥሩ። ሳይጠፋ ከበራ ፑንቲናው አይዘጋም። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ ፑንቲናው አልከፈት ብሎ ወይም ኮንደንሰሩ ከማሳ ጋር ተገናኝቶ ካልሆነ በቀር፣ ለቦቢናው ኃይል አልደረሰም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። ሞተሩ የሚነሳው ቁልፉን በሚለቁበት ቅጽበት ከሆነ፣ ማብሪያው ሞተሪኖውን ሲያዞር የቦቢናውን ኃይል ይቆርጣል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ሁለቱም ችግሮችዎ ከአንድ ማብሪያ የመጡ ናቸውና ሪሌው ብቻውን አይበቃም፤ የቁልፉ ኤሌክትሪክ ክፍል ራሱ መቀየር አለበት። ይህ ሞዴል ከ1966 እስከ 1994 ድረስ በመመረቱ ለዕድሜው መለዋወጫው ዛሬም አይጠፋም።