የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዘይት የሚያፈስ አሮጌ ሞተር ሳይክል

ጥያቄ፦ የ1968 ሥሪት ትሪምፍ ቦንቪል 650 አለኝ። ከሥሩ ዘይት አይጠፋም። ከሞተሩ አናት ያሉትን የሮከር ሽፋኖች ጋስኬት (በብረቶቹ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ብሎኖቹንም አጠበቅኩ፤ ለውጥ የለም። ሁለት ሳምንት ሳላስነሣው ከቆየ የዘይት ታንኩ ይጎድላል። ሞልቼ ሳስነሣው ደግሞ ይብስበታል። ሌላ ምን ልቀይር?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አይቀይሩ። ሲሞሉት መባሱ ትልቅ ፍንጭ ነው። የዚህ ሞተር ዘይት የሚቀመጠው ለብቻው በተሠራ ታንክ ነው። ዘይቱን የሚያግዱት የዘይት ፓምፑ ትናንሽ የብረት ኳሶች መቀመጫቸው ላይ በደንብ ካልተኙ፣ ሞተሩ በቆመበት ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ክራንክ ኬዙ (የሞተሩ የታችኛው ሣጥን) ይወርዳል። ታንኩ ጎደለ እንጂ ዘይቱ አልጠፋም። በላዩ ሲጨምሩ ከልክ ያልፋል፤ ሲነሣም ትርፉ በመተንፈሻው (ከሞተሩ ውስጥ አየር በሚያስወጣው ቱቦ) ይወጣል፣ ደካማ መጋጠሚያ ካገኘም በዚያ ይሾልካል። የታንኩን ልክ ማየት ያለብዎት ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠርተው ዘይቱ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ለማረጋገጥ፣ ነድተው እንደተመለሱ ከክራንክ ኬዙ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈትተው የወጣውን ዘይት ይለኩ። ሳያስነሡ ሁለት ሳምንት አቆይተው እንደገና ይለኩ። ሁለተኛው በጣም ከበለጠ ፓምፑን አውጥተው ኳሶቹንና መቀመጫቸውን ያጽዱ። ከታንኩ በሚወርደው ቱቦ ላይ መዝጊያ የሚገጥሙ አሉ። እኛ አንመክርም፤ አንድ ቀን ሳይከፍቱት ካስነሡ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)።

ቀጥሎ መተንፈሻውን ይመልከቱ። ፒስተኖቹ ሲወርዱ ከሥራቸው ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። ቱቦው ከታጠፈ ወይም ከተደፈነ፣ አለዚያም የፒስተን ቀለበቶች አልቀው ጋዝ ወደ ታች ካሳለፉ፣ ግፊቱ አዲስ ጋስኬትንም ያሸንፋል። የእርስዎ ሁለት ጋስኬቶች ያልጠቀሙት በዚህ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካፈሰሰ ምንጩን ይፈልጉ። ሞተሩን ዘይት በሚያስለቅቅ ማጠቢያ አጥበው በደንብ ያድርቁት፣ የሕፃናት ፓውደር ነስንሰውበት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱ። ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ ምንጩ ከረጠበው ቦታ ሁሉ ወደ ላይና ወደ ፊት ያለው ነው። በዚህ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚታማው የፑሽሮድ ቱቦዎቹ (ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸው) የጎማ ቀለበት ነው። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ያለ ጋስኬት በጎማዎቹ ላይ ያስቀምጡና በሲሊንደሩና በእሱ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። የጋስኬቱን ውፍረት ሲቀንሱ ከ0.75 እስከ 1 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት። ካነሰ ጎማው አይጨመቅም፣ ዘይት ያሳልፋል። ከበዛ ቴስታታው በጋስኬቱ ላይ በቅጡ አያርፍም፣ የሚቃጠለው ጋዝ ያመልጣል።

ጥያቄ፦ የጎን ሽፋን ላይ ከጋስኬት ይልቅ ሲሊኮን ብቀባስ?

መልስ፦ ስስ አድርጎ መቀባት ይቻላል፤ ችግሩ ብዙ ሰው ማብዛቱ ነው። ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍ እንደ ክር ተቆርጦ ማጣሪያውንና የዘይት መተላለፊያውን ይዘጋል። ከሲሊኮኑ በፊት የሽፋኑን ፊት ያስተካክሉ፤ ቁጥር 400 የብርጭቆ ወረቀት በወፍራም መስተዋት ላይ አንጥፈው፣ ፊቱ ሁሉ አንድ ዓይነት እስኪሆን ክብ እያደረጉ ይሹት። አሮጌውን ጋስኬት በካቻቢቴ አይፋቁ፣ አሉሚኒየሙን ይቧጭራል፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ይበቃል። ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቁ በሁለት ዙር ያጥብቁ። አንዱን ብቻ ቀድመው ከጨረሱት ሽፋኑ ይጣመማል።