አረንጓዴ ፀሐይ የሚታመንበት ዓለም
የአንባቢያን ጥያቄዎችና የዓምዱ ደራሲ መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ምናባዊ ልብ ወለድን፣ ማለትም አስማትና ያልነበሩ አገሮች የሚገኙበትን የድርሰት ዓይነት የሚመለከቱ ናቸው። ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የመጀመሪያ ድርሰታቸውን በመጻፍ ላይ ያሉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለአዲስ ታሪክ የሚሆን ሐሳብ ከየት ያገኛሉ? እኔ ብዕር ይዤ ስቀመጥ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ከዚህ በፊት ያነበብኩት ብቻ ነው።

መልስ፦ ያነበቡት ተመልሶ መምጣቱ እንደ ጉድለት ሊያሳስብዎት አይገባም፤ ምናብ የሚሠራው በተጠራቀመ ነገር ነውና። ችግር የሚሆነው የተጠራቀመው ሁሉ ከአንድ ዘርፍ የተገኘ ሲሆን ነው። ምናባዊ ልብ ወለድ ብቻ የሚያነብ ጸሐፊ ሌሎች የፈጠሯቸውን ዘንዶዎችና ጠንቋዮች መልሶ ከማሰለፍ አያመልጥም። እኔ በበኩሌ አዲስ ድርሰት በምጀምርበት ጊዜ የማነባቸው መጻሕፍት በአብዛኛው የታሪክ፣ የሕግ፣ የሥነ ምድርና የእንስሳት ጠባይ መጻሕፍት ናቸው፤ ምክንያቱም እውነተኛው ዓለም ማንም ደራሲ ከሚያስበው በላይ እንግዳ ነገሮችን ይዟል።

የምጽፈውን ታሪክ ብዙውን ጊዜ የምጀምረው ከአንድ ምስል ነው። ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመው፣ ናርንያ ስለተባለች ምናባዊ አገር የጻፈው የመጀመሪያው መጽሐፉ በረዶ በሸፈነው ጫካ ውስጥ ጃንጥላና እሽጎች ይዞ በሚሄድ፣ ከወገቡ በታች የፍየል አካል ባለው ፍጡር ምስል እንደ ተጀመረ ጽፏል። ምስሉ በአእምሮው የታየው የዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ልጅ ሳለ ሲሆን፣ ታሪክ ሊያደርገው የተነሣው ግን ወደ አርባ ዓመት ሲጠጋ ነው። ይህን የምጠቅሰው ምስል ብቻውን ታሪክ እንደማይሆን ስለሚያሳይ ነው። ፍጡሩ ወዴት ይሄዳል? እሽጎቹስ የማን ናቸው? ምስሉ የሚንቀሳቀሰው እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ሲቀርቡለት ነው።

ከእውነተኛ ቦታ የሚነሣ ሐሳብም እንዲሁ ነው። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1981 በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘውን የሀድሪያን ግንብ ጎብኝቶ ነበር። ሮማውያን እ.ኤ.አ. ከ122 ጀምሮ የገነቡት ይህ ግንብ 117 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የግዛታቸው የሰሜን ዳር ነበር። ማርቲን በዚያ ቆሞ፣ ከኮረብታዎቹ ማዶ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ የሚጠብቅ ወታደር ምን ይሰማው እንደነበር አሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ግንቡ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የበረዶ ግድግዳ ሆነ። መጠኑና የተሠራበት ነገር ቢለወጥም የጠባቂው ፍርሃት ግን እንዳለ ተወስዷል፤ ለእኔ የዚያ ፈጠራ ጥንካሬ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከጥንታዊ ተረትና አፈ ታሪክ መውሰድ እንደ ስርቆት ይቆጠራል?

መልስ፦ አይቆጠርም። ጄ. አር. አር. ቶልኪን “ሆቢት” በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ከሚገኙት የድንክዬዎች ስሞች አብዛኞቹን የወሰደው ከአንድ ጥንታዊ የኖርስ፣ ማለትም የሰሜን አውሮፓ ግጥም ሲሆን፣ የጠንቋዩ የጋንዳልፍ ስም ሳይቀር በዚያው ግጥም ውስጥ ይገኛል። ሆኖም በሕይወት ያለ ደራሲ የፈጠረው ዓለም የሕዝብ ሀብት ከሆነው ተረት ጋር አንድ አይደለም። እንዲሁም ሰዎች ዛሬም በእምነት የሚይዙትን ትረካ የሚወስድ ጸሐፊ፣ ከማስጌጫነት ባለፈ በጥልቀት ሊያጠናው ግድ ይለዋል።

ጥያቄ፦ ድርሰቴን ያነበቡ ጓደኞቼ አስማቱ “አያሳምንም” ይሉኛል። አስማት በተፈጥሮው የማይቻል ነገር ከሆነ ማሳመን የሚጠበቅበት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከቀረቡልን ጥያቄዎች ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 ስለ ተረት ካቀረበው ንግግር ተነሥቶ በኋላ ባሳተመው ድርሰት፣ “አረንጓዴ ፀሐይ” የሚለውን ሐረግ ማንም ሊናገረው እንደሚችል፣ አረንጓዴዋ ፀሐይ የምትታመንበትን ዓለም መሥራት ግን ድካምና ብዙ ማሰብ እንደሚጠይቅ አስረድቷል። አንባቢ የማይቻለውን ነገር በፈቃዱ ይቀበላል፤ የማይቀበለው ያ ነገር ምንም ውጤት ሳያስከትል ሲቀር ነው። ፀሐይዋ አረንጓዴ ከሆነች የሰብሉ ቀለም፣ የሠዓሊው ሥራ፣ የንጋት መዝሙር፣ ሰዎች ስለ ውበት ያላቸው አስተሳሰብ ሁሉ አብሮ መለወጥ አለበት።

አንድ ምሳሌ ልፍጠር። ቁስልን ማጥፋት ሳይሆን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ማዛወር የሚችሉ ፈዋሾች ያሉበት አገር አለ እንበል። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ቆመው ወደ ጦርነቱ ትዕይንት ይሮጣሉ። እኔ ግን ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ከዚህ አልፌ አልሄድም። በእንዲህ ያለ አገር ባለጸጎች ቁስላቸውን የሚሸከሙላቸው ድሆችን ይቀጥራሉ፤ ስለዚህ ውል ይኖራል፣ ውል ካለም አፍራሽና ዳኛ ይኖራሉ። የተሰበረ ክንድና የዓይን ብርሃን እኩል ሊከፈልባቸው አይችልም። ጄኔራሎች ከእያንዳንዳቸው ጀርባ የሚሰለፉ ቁስል ተሸካሚዎች ይኖሯቸዋል፤ አንድ ቀን እነዚያ ተሸካሚዎች አንሸከምም ቢሉ ጦሩ በሙሉ ይቆማል። የታሪኩ ዋና ግጭት ከአስማቱ ሕግ ውስጥ ራሱ ወጣ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ብራንደን ሳንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ያስቀመጠው መርሕ ይጠቅምዎታል፤ ደራሲ ችግርን በአስማት አጥጋቢ አድርጎ መፍታት የሚችለው አንባቢው ያንን አስማት በተረዳበት ልክ ነው ይላል። ይህ ማለት አስማት ሁሉ መብራራት አለበት ማለት አይደለም። “የቀለበቶች ጌታ” በተባለው የቶልኪን ታሪክ የጋንዳልፍ ኃይል ወሰኑ የት እንደሆነ በግልጽ አይነገረንም፤ ነገር ግን የታሪኩ ማዕከል የሆነው ክፉ ቀለበት ወደሚጠፋበት እሳት የተወሰደው በእርሱ አስማት ሳይሆን በሁለት ደካማ መንገደኞች እግር ነው። ምስጢራዊ ሆኖ የሚቀር ኃይል ዋናውን ችግር መፍታት የለበትም።

ከወሰን በተጨማሪ ዋጋም ያስፈልጋል። ኡርሱላ ኬ. ለ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመችው የደሴቶች ዓለም ልብ ወለድ ውስጥ፣ በአንዱ ደሴት የተጠራ ዝናብ በሌላው ደሴት ድርቅ ሊሆን እንደሚችል ጠንቋዮቹ ይማራሉ። ወጣቱ ጀግና ኃይሉን ለማሳየት ብሎ የሠራው ድግምትም በታሪኩ ሁሉ የሚያሳድደውን ጥላ ወደ ዓለም ያስገባል። ጠላቱ ከራሱ ድርጊት የተወለደ ስለሆነ ማንም ሌላ ሰው ሊዋጋለት አይችልም። የጓደኞችዎን አስተያየት በዚህ ዓይን መልሰው ይመርምሩት፤ በድርሰትዎ ውስጥ አስማት የሚጠቀም ሰው በማግስቱ ምን ጎድሎበት ይነሣል?

ጥያቄ፦ መጀመር ያለብኝ ከካርታውና ከቋንቋው ነው ወይስ ከገጸ ባሕርያቱ?

መልስ፦ በዚህ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ቶልኪን ከካርታ መጀመሩን ብልህነት ብሎታል፤ የፈጠራቸው ቋንቋዎችም ከታሪኮቹ ይቀድሙ ነበር። ይህን ያደረገው ግን የቋንቋ ሊቅ የነበረና ሥራውን ከልቡ የወደደ ሰው ነው። እርስዎ ቋንቋ የመፍጠር ፍላጎት ከሌለዎት፣ የአንድ አካባቢ ስሞች በድምፅ እንዲዛመዱ ማድረግ ይበቃል።

ካርታን በተመለከተ ግን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ለኅትመት ባይውል እንኳ ለራስዎ ይሣሉት። በእግር የሚጓዝ ሰው በደህና መንገድ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፈረስም ውኃና መኖ ይፈልጋል። ይህን ያላሰበ ጸሐፊ ሠራዊቱን በአንድ ሌሊት በረሃ ያሻግርና አንባቢው በዘንዶው ሳይሆን በፈረሶቹ ምክንያት ማመኑን ያቆማል። ገጸ ባሕርያቱን ደግሞ ከካርታው ጋር አብሬ አሳድጋለሁ፤ ተራራው የት እንደሆነ ሳውቅ ከተራራው ማዶ ያለችው እኅቱ የናፈቀችው ሰው ማን እንደሆነም አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ የፈጠርኩት ዓለም ሰፊ ነው። አንባቢው እንዳይደናገር በመጀመሪያው ምዕራፍ ታሪኩንና ሥርዓቱን ላብራራ?

መልስ፦ እባክዎ አያብራሩ። አንባቢ ለጥቂት ገጾች መደናገርን ይችላል፤ ገና ለማያውቃቸው ሰዎች ሲባል የአንድ ሺህ ዓመት ታሪክ መሸከም ግን አይችልም። ከላይ ያነሣሁትን አገር ብጽፍ፣ “በዚህ አገር ቁስል ይዛወራል” ብዬ አልጀምርም። አንዲት እናት ከአንድ ጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት ቆማ፣ ልጇ ለተሰበረ ክንድ ስንት እንደሚከፈለው ስትጠይቅ፣ ጸሐፊውም ቀና ብሎ ሳያያት “የቀኝ ነው የግራ?” ሲላት እጀምራለሁ። ሕጉን አንባቢው ከዚያ መልስ ይደርስበታል። ስለ ሥርዓቱ አመጣጥ የጻፉት ገጽ ካለ አይጣሉት፤ በሌላ ደብተር ያኑሩትና፣ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ያንን ማወቅ የግድ የሚሆንበት ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ብቻ የሚያስፈልገውን ያህል ይውሰዱ።