ትሕትናና ምሕረት በተግባር፦ ለወጣቶች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

ስለ ትሕትናና ስለ ምሕረት ስብከት አልጎደለባችሁም፤ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስትሰሙት ኖራችኋል። ወደ ኑሮው ስትገቡ ግን ብዙዎቻችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ይገባችኋል። ከሥራ ባልደረባ ጋር ስትቀያየሙ፣ አለቃ በሰው ፊት ሲገሥጻችሁ፣ የገዛ ወንድማችሁ ክፉ ቃል ሲናገራችሁ፣ «ትሑት ሁን» የሚለው ትእዛዝ በዚያች ሰዓት ምን አድርጉ እንደሚላችሁ አይገለጥላችሁም። ለዚህ ዋናው ምክንያት ትሕትናንና ምሕረትን ስሜት አድርገን መያዛችን ይመስለኛል። ስሜቱ እስኪመጣ እንጠብቃለን፤ ሳይመጣ ዓመታት ያልፋሉ።

ወንጌልን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጌታ ስለ እነዚህ ነገሮች ሲያስተምር አሠራሩን ጭምር ይሰጣል፦ ግብዣ ላይ የት እንደምትቀመጡ፣ ከተጣሉት ማን ቀድሞ እንደሚሄድ፣ ወቀሳ ለብቻ ይሁን በሰው ፊት፣ ይቅርታ ስንት ጊዜ እንደሚደረግ፣ ምጽዋት ማን እያየ እንደሚሰጥ። ከማቴዎስ 5 እስከ 7 ያለውን ብቻ ብትወስዱ «ሂድ»፣ «ስጥ»፣ «ታረቅ»፣ «በርህን ዝጋ» የሚሉ ቃላት ታገኛላችሁ። ይህን ስል ጸጋ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጸጋን የሚለምን ሰው ግን እግሩንም ማንሳት አለበት።

ከትሕትና ልጀምር። ራስን መስደብ ትሕትና አይደለም። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኔ እኮ የማልረባ ነኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ «ኧረ በጭራሽ!» እንዲባል እየጠበቀ ነው። አንድ ሰው «እውነትህን ነው» ቢለው ይቀየማል፤ ቅያሜውም ቃሉ ከልብ እንዳልነበረ ያጋልጣል። ችሎታ ከተሰጣችሁ ተሰጥቷችኋል፤ የተሰጠን መካድ ሐሰት ነው። ጳውሎስ በሮሜ 12፥3 የሚጠይቀው ማሰብ ከሚገባው አልፎ በትዕቢት አለማሰብን ነው፤ ልክን ማወቅ ማለት ነው።

በሉቃስ 18 ያለውን ፈሪሳዊ ልብ ብላችሁ እዩት። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጦማል፣ ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣል። ዋሸ የሚል ቃል ወንጌሉ ላይ የለም። ጸሎቱን የጀመረውም በምስጋና ነው። የወደቀው አጠገቡ የቆመውን ቀራጭ፣ ማለትም ግብር ሰብሳቢ፣ እያየ «እንደዚህ ቀራጭ ስላልሆንሁ» ባለበት ቦታ ነው። ለጸሎት ቆሞ ሳለ ዓይኑ ወደ ጎን ሄደ። እናንተም መልካም ሥራችሁን ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ማመዛዘን ስትጀምሩ፣ ሥራው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እየተበላሸ እንደሆነ እወቁ።

ትሕትና መኖሩ የሚታወቀው ስትታረሙ ነው። ስሕተታችሁ ሲነገራችሁ ፊት ይግላል፣ መልስ ምላስ ላይ ይደርሳል። ያንን የመጀመሪያ መልስ ዋጡት። ያዕቆብ 1፥19 ለመስማት የፈጠነ፣ ለመናገር የዘገየ፣ ለቍጣም የዘገየ ሁን የሚለው ለዚህች ቅጽበት ነው። ተናጋሪውን ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው ስሙት። ከዚያ የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩት፦ «ሪፖርቱን ዘግይቼ ስላመጣሁ አንተ እስከ ሌሊት መቆየት ነበረብህ፣ እንዲህ ነው ያልከኝ?» ይህን ለማለት የግድ መስማት ስላለባችሁ ቁጣው ፋታ ያጣል። ቀጥሎ ከተባለው ውስጥ እውነት የሆነውን ለይታችሁ እሱን ተቀበሉ። ወቀሳው የተጋነነ ቢሆን እንኳ በውስጡ የእናንተ ድርሻ አይጠፋም። ማብራሪያ ካላችሁ ለነገ አሳድሩት፤ ሲነጋ አብዛኛው ማብራሪያ ሳያስፈልግ ይቀራል።

ክስ ፈጽሞ ሐሰት ሲሆን ግን ዝም ማለት ግዴታ አይደለም። ጌታ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ «መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል (ዮሐንስ 18፥23)። አልተሳደበም፣ አልዛተም፤ እውነቱንም አልዋጠም። ሙገሳ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ አጭር ነው፦ አመሰግናለሁ በሉ፣ አብሯችሁ የደከመውን ሰው በስሙ ጥቀሱ፣ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ።

አሁን ወደ ይቅርታ መጠየቅ እንምጣ። እዚህ ላይ ልቆይ እወዳለሁ፤ ትሕትና ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው እዚህ ስለሆነ።

ማቴዎስ 5፥23-24 እንዲህ ይላል፦ መባህን በመሠዊያው ላይ ስታቀርብ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፣ መባህን በዚያ ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ፣ ከዚያም መጥተህ አቅርብ። የተቀየመው ወንድሙ ነው፤ ሂድ የተባለው ግን መባ የያዘው ሰው ነው። «እሱ ከተቀየመ ይምጣና ይንገረኝ» የሚለው አባባላችን እዚህ ቦታ የለውም። አምልኮውም እንኳ ለእርቁ ይቆማል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የነበሩት አባቶች ይህን ነው የተረዱት።

ስትሄዱ ምን ትላላችሁ? ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት። «ለተፈጠረው ነገር ይቅርታ» የሚለው ማንንም አይጠቅስም፤ ነገሩ በራሱ የተፈጠረ ይመስላል። «ትናንት በስብሰባው ላይ ሥራሽን የራሴ አድርጌ አቀረብኩ» በሉ። ከዚያ ያስከተለውን ጉዳት ተናገሩ፦ «ድካምሽ ሳይታይ ቀረ፤ ሰው ፊት ዝም ማለት ግድ ሆነብሽ።» ከዚያ ይቅርታ ጠይቁ። ከዚያም እንዴት እንደምትክሱ ንገሯት፦ «ዛሬ ለሁሉም የአንቺ ሥራ እንደሆነ እጽፋለሁ።» አራቱም በሦስት ደቂቃ ያልቃሉ። ካለቁ በኋላ ዝም በሉ። ብዙ ይቅርታ የሚበላሸው መናገር ባለማቆም ነው።

የሚያበላሹትን ቃላትም እወቋቸው። «ከተቀየምሽ ይቅርታ» ጥፋቱን ወደ ተበደለችው ስሜት ያዞራል። «ግን አንቺም እኮ» የሚለው ይቅርታውን ወደ ክርክር ይለውጠዋል፤ እሷ የበደለችው ካለ ሌላ ቀን ይነገራል። ወዲያው «ይቅር አልሽኝ?» ብሎ መጎትጎትም ስጦታን በግድ መቀበል ነው። በደሉ በሰው ፊት ከሆነ ይቅርታውም እነዚያው ሰዎች እየሰሙ ይሁን፤ በግሩፕ ላይ ተሳድቦ በግል ሜሴጅ ይቅርታ መጠየቅ ግማሽ ይቅርታ ነው። በስውር የተደረገውን ግን አደባባይ አታውጡት፤ ሁለተኛ ጉዳት ይሆናል።

ካሳውን አትዝለሉት። የሙሴ ሕግ በደሉን የሚናዘዝ ሰው የወሰደውን በሙሉ መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ያዛል (ዘኍልቍ 5፥7)። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ ከዚህ አልፎ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ የገንዘቡንም እኩሌታ ለድሆች ሰጠ (ሉቃስ 19፥8)። ጌታ «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» ያለው ይህን ቃል ተከትሎ ነው። የሰው ስም አጥፍታችሁ እንደሆነ ካሳው በሰማችሁ ሰው ጆሮ ውስጥ ነው ያለው፦ ለማን ለማን እንደተናገራችሁ አስታውሱና ወደ እያንዳንዳቸው ሄዳችሁ «ያልኩት እውነት አልነበረም» በሉ። ይህ እጅግ ይከብዳል። አንድ ጊዜ ያደረገው ሰው ግን ሁለተኛ ለሐሜት አፉን ሲከፍት ያስባል።

የተበደላችሁት እናንተ ስትሆኑ ደግሞ ሌላ ቅደም ተከተል አለ። ማቴዎስ 18፥15 «ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ይላል። ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ በዳዩ ሳይሰማ አሥር ሰው ሰምቶታል። በዳዩ ወሬውን ከሌላ ሰው ሲሰማ ጥፋቱን ረስቶ ስሙን መከላከል ይጀምራል፤ የእርቁ በር እዚያው ይዘጋል። «ምክር ፈልጌ ነው የነገርኩት» የምትሉም ካላችሁ፣ ምክር የሚፈለገው ከአንድ ሰው ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ ስለ አንድ ድርጊት ተናገሩ፤ «አንተ ሁልጊዜ» በሚል አትጀምሩ። ገላትያ 6፥1 የሚያቀናው ሰው በየውሃት (በገርነት) መንፈስ ያቅና፣ ራሱንም ይጠብቅ ይላል።

በደለኛው በእናንተ ላይ ጉልበት ያለው ሰው ከሆነ፣ የሚመታ ወይም የሚደፍር ከሆነ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ቃሉ ስለ ወንድምና ወንድም ነው የሚናገረው፤ አደጋ ውስጥ ግቡ አይልም። እንዲህ ያለው ነገር ወዲያውኑ ለሚጠብቃችሁ ሰውና ለሕግ ይነገራል። ይቅር ማለትና አቤት ማለት አይቃረኑም።

ይህ ወደ ምሕረት ያደርሰኛል። ጴጥሮስ «እስከ ሰባት ጊዜን?» ብሎ ሲጠይቅ ጌታ ሰባ ጊዜ ሰባት ብሎ መለሰና የሁለት ባለዕዳዎችን ምሳሌ ተናገረ፦ ንጉሥ ዕዳውን ሁሉ የተወለት ባሪያ የባልንጀራውን ዕዳ ግን አልተወም። ቁጥሮቹን አስሏቸው። የመጀመሪያው ሰው ዕዳ እልፍ መክሊት ማለትም 10,000 መክሊት ነው። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ገደማ ነበር፤ በማቴዎስ 20 እንደምናየው ደግሞ አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። ዕዳው 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ሆነ ማለት ነው። ባልንጀራው ያለበት 100 ዲናር፣ የ100 ቀን ሥራ ነው።

ብዙ ሰባኪዎች ሁለተኛውን ዕዳ «ጥቂት ሳንቲም» አድርገው ያልፉታል፤ አልስማማም። የ100 ቀን ደመወዝ የቀረበት ሰው ቤተሰቡ ይራባል። ጌታ የደረሰባችሁ በደል ትንሽ ነው አላለም። በደሉ በደል ነው፣ ዕዳው ዕዳ ነው፤ ለእናንተ ከተደረገው ምሕረት ጋር ሲተያይ ግን ልኩ ይታወቃል። ስለዚህ ይቅር ስትሉ «ምንም አይደል» አትበሉ። ነገሩ የሆነ ነገር ነው። «በድለኸኛል፤ ይቅር ብዬሃለሁ» በሉ። ይቅርታ ማለት ያንን ዕዳ ደግሞ አለመጠየቅ ነው፤ በጠብ መካከል ዳግመኛ አለማንሳት፣ ለሦስተኛ ሰው አለመንገር፣ ውድቀቱን ሲሰሙ አለመደሰት። ሕመሙ ተመልሶ ሲመጣ ይቅርታው ሐሰት ነበር ብላችሁ አትደንግጡ። ያንኑ ዕዳ እንደገና ሰርዙ። ሰባ ጊዜ ሰባት አንዳንዴ ለአንዲት በደል ብቻም ያስፈልጋል።

መተማመን ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በጊዜና በፍሬ ይመለሳል። ዮሴፍን እዩት። ወንድሞቹን ባየ ጊዜ ዘወር ብሎ አለቀሰ፤ ልቡ ርቆ አልነበረም። ቢሆንም ስምዖንን አሰረው፣ ብንያምን አምጡ አለ፣ ጽዋውን በብንያም ከረጢት ውስጥ አስደረገ። ራሱን የገለጠው ይሁዳ «በብላቴናው ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ካለ በኋላ ነው (ዘፍጥረት 44-45)። ይሁዳ ያኔ ዮሴፍን እንሽጠው ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ሰው ነበር። ዮሴፍ ያየው ለውጥ ይህ ነው። ገንዘባችሁን የበላውን ሰው ይቅር ብላችሁ የገንዘብ ሣጥን ቁልፍ ባትሰጡት ኃጢአት የለባችሁም።

ስለ መስጠት ብዙ አልልም። ደጉ ሳምራዊ ቀረበ፣ ዘይትና የወይን ጠጅ አፍስሶ ቁስሉን አሰረ፣ በራሱ አህያ አስቀመጠው፣ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ ጠበቀው፣ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ የጎደለውን ስመለስ እከፍላለሁ አለ። ገንዘቡ የሁለት ቀን ደመወዝ ብቻ ነው፤ ጊዜውና መመለሱ ግን ከዚያ ይበልጣል። ስትረዱ ፎቶ አታንሱ። የተረጂው ፊት የእናንተ ማስታወቂያ አይደለም፤ ማቴዎስ 6፥3ም ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል።

ይህ ሁሉ በውስጥ ሥር እንዲሰድ ማታ ማታ 10 ደቂቃ ለዩ፤ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ቀኑን ከጠዋት ጀምሮ በቅደም ተከተል አስታውሱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዛሬ ማንን ዝቅ አድርጌ አየሁ? ማን ምሕረት ጠብቆ አጣብኝ? ሰው ሳያየኝ ምን አደረግሁ? አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ለነገም አንድ ድርጊት ወስኑ፣ «የተሻልሁ እሆናለሁ» ሳይሆን «ጠዋት ወደ እርሷ እሄዳለሁ» ብላችሁ። ሃያ ጥፋት የሚቆጥር ሰው አንዱንም ሳያስተካክል ተስፋ ቆርጦ ይተኛል። ራስን ማሠቃየት ከጀመራችሁ ወይም አንዱ ኃጢአት ደጋግሞ ካሸነፋችሁ፣ የንስሐ አባት ያላችሁ ለንስሐ አባታችሁ፣ የሌላችሁ ምሥጢር ለሚጠብቅ የበሰለ አማኝ ንገሩ።

ምርመራው ወደ ሌሎች ሰዎች ጥፋት ዞሮ ካገኛችሁት አባ ሙሴ ጸሊምን አስቡ። ቀድሞ ወንበዴ የነበረ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ የኖረ አባት ነው። አንድ መነኩሴ በድሎ ሊፈረድበት ጉባኤ ሲጠራ፣ ውሃ የሚያፈስ እንስራ ተሸክሞ ገባ። ምንድን ነው ቢሉት «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ ግን አላየውም፤ ዛሬ የሌላውን ስሕተት ልፈርድ መጣሁ» አላቸው። ወንድምን ይቅር ብለው ተበተኑ።

አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ፦ የበደልሁት ሰው ሞቶ ቢሆን ወይም ፈጽሞ አላናግርህም ቢለኝስ? ለሞተው፣ ንስሐ ግቡና ካሳውን ለልጆቹ ወይም ለወላጆቹ አድርሱ፤ ዘመድ ከሌለው ለድሃ ስጡ፤ ያጠፋችሁትን ስሙንም በሰሙት ሰዎች ፊት አቅኑ። አላናግርህም ላለው፣ አንዲት አጭር ደብዳቤ ጻፉለት፤ አራቱ ነገሮች፣ ጥፋቱ፣ ጉዳቱ፣ ይቅርታውና ካሳው፣ ይኑሩባት፣ ከአንድ ገጽ አትለፍ፣ መልስ አትጠይቅ። ከዚያ በደጁ አትመላለሱ፣ አማላጅም አታብዙበት። ካሳው ያለ እርሱ ፈቃድ ሊከፈል የሚችል ከሆነ ክፈሉት። በጸሎታችሁ ስሙን ጥሩ፤ የሚናገርበትን ቀን ግን ለእርሱ ተዉለት።