ፋውንዴሽን ፊትን አመድ ሲያስመስል

እህቴ፣ «ጠዋት ተቀብቼ ስወጣ ያምራል፣ እኩለ ቀን ላይ ፊቴ አመድ ይመስላል» ላልሽው፦ እኔም ለዓመታት ተቸግሬበታለሁ። ቆዳሽ ምንም አላጠፋም። ብዙ ጊዜ ችግሩ የፋውንዴሽኑ፣ ማለትም የፊትን መልክ አንድ ወጥ የሚያደርገው ቅባት፣ የቀለም ምርጫ ነው።

ፋውንዴሽኑን እጅሽ ላይ አትሞክሪው። ከመንጋጋሽ ጠርዝ ወደ አንገትሽ ሳብ አድርገሽ ቀቢው፤ ከዚያ ደጅ ወጥተሽ በፀሐይ እዪው። የሱቅ መብራት በጣም ይሸውዳል። ትንሽም ታገሺ፣ አንዳንዱ ፊት ላይ ሲቆይ ቀለሙ ይቀየራል።

ወርቃማ ቆዳ ላይ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም ያመዳል። ማክ በተባለው የመዋቢያ ብራንድ ፋውንዴሽን ላይ ኤንሲ (NC) የሚለው ለወርቃማ ቆዳ ነው፣ ኤንደብሊው (NW) ወደ ሮዝ ለሚያደላ። ፌንቲ ቢዩቲ የተባለው ብራንድ በ2017 እ.ኤ.አ. በ40 የፋውንዴሽን ቀለም ሲጀምር ለእኛ ለጠይሞች ትልቅ እፎይታ ነበር፤ እስካሁን የምወደው እሱን ነው።

ለቢሮ ብዙ አትደርድሪ። ስፖንጁን አርጥበሽ በደንብ ጭመቂው፤ ፋውንዴሽኑን እየነካካሽ በስሱ አልብሺው፣ አትፈትጊው። ፓውደር ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ይበቃል። ኩልና ሊፕስቲክ፣ አለቀ።

ሙሽራ ስታስውቢ ግን ነጭ ፓውደር ከዓይን ሥር አታብዢ። በመስታወት አይታይም፣ የካሜራ ፍላሽ ሲያርፍበት ግን ነጭ ሆኖ ፎቶው ላይ ይወጣል። አስቀድመሽ በስልክሽ ፍላሽ አንሺያት።