ባይሴፕሱ ሦስት ራስ ሆነብን ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን አነበብኩት። ባሕር ዳር የፒሲ ዋን (የቅድመ ክሊኒክ አንደኛ ዓመት) የሕክምና ተማሪ ነሽ። ቡድናችሁ የካዳቨሩን (የመማሪያውን አስከሬን) ቀኝ ክንድ ሲከፍት ባይሴፕሱ፣ የክንድ ፊት ጡንቻው፣ ሦስት ራስ (መነሻ ጫፍ) ሆኖ ተገኘ። መጽሐፉ ሁለት ነው የሚለው። የጎን ጠረጴዛ ልጆች ደግሞ «ራሳችሁ ሰንጥቃችሁት ነው» ብለው ሳቁባችሁ። ማን ልክ ነው?

እዚሁ ባሕር ዳር አናቶሚ ላብ ውስጥ ዓመታት አስተምሬያለሁ። ይህ ክርክር በየባቹ ይነሳል። ሳላየው አልፈርድም፤ እናንተ ግን በሚቀጥለው ላብ ራሳችሁ ልትለዩት ትችላላችሁ። ሦስተኛ ራስ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። መማሪያ መጻሕፍት ከ10 ሰው በአንዱ ገደማ ይገኛል ይላሉ። ችግሩ፣ በስካልፔል (በቀዶ ሕክምና ምላጭ) የተሰነጠቀ ጡንቻም ላይ ላዩን ሲታይ ሦስት ይመስላል። ስለዚህ መቁጠሩን ተዉትና መነሻውን ፈልጉ።

ረጅሙ ራስ የሚነሳው ከትከሻ መገጣጠሚያው ጉድጓድ በላይ፣ ከስካፑላ (ከትከሻ ሰሌዳ አጥንት) ነው። አጭሩ ከኮራኮይድ፣ እዚያው ስካፑላ ላይ ወደ ፊት ከወጣው አጥንት፣ ጫፍ። ሁለቱን ለዩና ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ሳቧቸው። ከዚያ አጨቃጫቂውን ቁራጭ በጣታችሁ ይዛችሁ ወደ ላይ ተከተሉት። እውነተኛው ሦስተኛ ራስ ብዙ ጊዜ ኮራኮይድ ድረስ አይወጣም። ክንዱ መሃል አካባቢ፣ ኮራኮብራኪያሊስ የሚባለው ጡንቻ የሚያርፍበት ቦታ አጠገብ፣ ሁመረስ (የላይኛው ክንድ አጥንት) ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ወደ ታች ደግሞ ከባይሴፕሱ ስር ባለው በብራኪያሊስ ጡንቻ ፊት ወርዶ ከባይሴፕሱ ጅማት ጋር ይቀላቀላል።

ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። የራሱ ቀጭን ሽፋን ያለው ጡንቻ ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። በስካልፔል የተለየው ግን ክሮቹ ተበጣጥሰው ጭራ ጭራ ይላሉ። ከዚያ ቁራጩን በፎርሴፕስ (በመቆንጠጫ) ገልበጥ አድርጉት። ባይሴፕሱን ከሚያዝዘው ከመስኩሎኩቴኒየስ ነርቭ ተነስቶ በጀርባው በኩል የሚገባ ነጭ ቀጭን ክር ካገኛችሁ፣ መነሻውም አጥንት ላይ ከሆነ፣ የጎን ጠረጴዛ ልጆች ሻይ ይጋብዟችሁ። ቁራጩ ኮራኮይድ ላይ ከአጭሩ ራስ ጋር ባንድ ጅማት ካለቀና ጠርዙ ከተበጣጠሰ ደግሞ ጋባዦቹ እናንተ ናችሁ። ግራ ክንዱ ላይ ባይኖርም አትደንግጡ፤ ባንድ ወገን ብቻ መገኘቱ የተለመደ ነው።

እግረ መንገዳችሁን ይህንኑ መስኩሎኩቴኒየስ ነርቭ እዩት። መጽሐፉ ኮራኮብራኪያሊስን በስቶ ያልፋል ይላል። አንዳንድ ሰው ላይ ሳይበሳው ያልፋል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከሚዲያን ነርቭ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ጡንቻው የተለየበት ክንድ ላይ ነርቩንም መፈተሽ ጥሩ ልማድ ነው።

ከጥያቄሽ ስር አንድ ወንድማችን «የታንኳ ቀዛፊ ሆኖ ይሆናል፤ ስራው ነው ያበቀለለት» ብሏል። ቀልዱን ወድጄዋለሁ፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ጣናን ሲቀዝፍ የኖረ ሰው ትከሻው ይደነድናል፤ ጡንቻው ይወፍራል። አዲስ ራስ ግን አያወጣም። የእጅ እምቡጥ ፅንሱ ላይ ብቅ የሚለው በ4ኛው ሳምንት ነው። በ8ኛው ሳምንት መጨረሻ ዋና ዋናዎቹ ጡንቻዎች ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ልዩነቱም የሚፈጠረው ያኔ፣ የጡንቻው መነሻ ሕዋሳት ሲከፋፈሉ ነው።

እኔን ብትጠይቂኝ ግን ከባይሴፕሱ ይልቅ ብብቱን በጥንቃቄ ክፈቱ። ሦስተኛው ራስ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን ምንም አያደርገውም። ብብት ውስጥ ግን ከላቲሲመስ ዶርሲ (ከሰፊው የጀርባ ጡንቻ) ተነስታ፣ በደም ሥሮቹና በነርቮቹ ፊት አቋርጣ ወደ ፔክቶራሊስ ሜጀር (ወደ ትልቁ የደረት ጡንቻ) የምትሄድ ቀጭን የጡንቻ ዘለላ የምትገኝባቸው ሰዎች አሉ። የላንገር ቅስት ይሏታል። ተማሪ ስብ መስላው ጠርጎ ይጥላታል፤ ስንቴ አይቼ ተናድጃለሁ! የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ላይ የብብት የሊምፍ እጢዎችን የሚያወጣ ሐኪም ይህችን ካላወቀ ከኋላዋ የተደበቀውን እጢ ሊያልፈው ይችላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ክንድ ሲነሳ የብብቱን ደም መላሽ ሥር ትጫናለች። ስለዚህ እዚያ ስትደርሱ ስካልፔሉን አስቀምጡና በጣትና በፎርሴፕስ ስሩ።

ፈተናውን በተመለከተ፦ በጽሑፍ ከመጣ ሁለት ራስ ብለሽ መልሺ። ፕራክቲካል (የላብ ፈተና) ላይ ግን ፒኑ የተሰካበትን ያየሽውን ጻፊ እንጂ መጽሐፉን አትጻፊ።

እስከዚያው ቁራጩ ላይ ክር እሰሩበትና ሌላ ነገር ሳትቆርጡ መምህራችሁን ጥሩ። መነሻውን፣ መድረሻውን፣ ርዝመቱን በማስመሪያ ለኩና ደብተር ላይ ሳሉት። ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ እንዳትለቁት ብቻ፤ ሰው ነው።