አለቃዬ «ሥልጠናውን በዓመት ፈቃድሽ» ይለኛል

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። በቅርቡ የሰፈራችን ካውንስል (የአካባቢ ምክር ቤት) አባል ሆኜ ተመረጥኩ። ለአዲስ ተመራጮች የተዘጋጀው ሥልጠና በሙሉ በሥራ ሰዓቴ ነው። አለቃዬ «ለስብሰባው እሺ፣ ለሥልጠናው ግን የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂ» ይለኛል። መብት የለኝም ማለት ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ! መብትማ አለሽ። ተቀጣሪ እስከሆንሽ ድረስ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቅጥር መብቶች ሕግ አንቀጽ 50 አሠሪሽ ለካውንስል ሥራ ተመጣጣኝ ጊዜ እንዲሰጥሽ ያስገድደዋል። ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ግን አለ። ሕጉ ስብሰባና ኮሚቴ ብሎ አያቆምም፤ ካውንስሉ ለሥራው ያጸደቀውን ሌላ ተግባርም ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ አለቃሽ ጋ አትሂጂ። ካውንስሉ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ሥልጠናው የጸደቀ ተግባር መሆኑን፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ በጽሑፍ ተቀበዪ። ከዓመቱ የስብሰባ ፕሮግራም ጋር አያይዘሽ ለአለቃሽ በኢሜይል ላኪ። በቃል ብቻ እንዳትነጋገሪ።

ስንት ቀን ነው ካልሽኝ፣ ሕጉ ቁጥር አላስቀመጠም። ሥራው የሚጠይቀው ጊዜ፣ ለዚህ ዓይነት ሥራ እስካሁን የተሰጠሽ ጊዜ፣ መቅረትሽ መሥሪያ ቤቱን ምን ያህል እንደሚጎዳ ይታያል። አሠሪሽ ለዚያ ጊዜ ደመወዝሽን የመክፈል ግዴታም የለበትም፤ በራሳቸው ደንብ የሚከፍሉ ግን ብዙ ናቸው፣ የሠራተኛ መመሪያችሁን አገላብጪው። ከካውንስሉ የአባልነት አበል ታገኛለሽ፤ ልጅ የምታስጠብቂ ከሆነም የዚያ አበል እንዳለ ጠይቂ። ፈረንሳይ ውስጥ የተመራጮች የመሠልጠን መብት እ.ኤ.አ. ከ1992ቱ ሕግ ጀምሮ ራሱን ችሎ ተቀምጧል። እዚህም እንደዚያ በግልጽ ቢጻፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥልጠናው ደግሞ እንዲያው ለወጉ የሚደረግ አይደለም። ብዙ ካውንስሎች ያልሠለጠነ አባል የግንባታ ፈቃድ ኮሚቴ ላይ እንዲወስን አይፈቅዱም። ጎረቤት የተቃወመውን ቤት «አልወደድኩትም» ብለሽ ብቻ ብትከለክዪ ባለቤቱ ይግባኝ ብሎ ሊያሸንፍ፣ ካውንስሉም የይግባኙን ወጪ ሊከፍል ይችላል። የበጀቱ ሰነድም ያው ነው፤ የመጠባበቂያ ገንዘቡን ከዓመቱ ወጪ ለይቶ ማንበብ የሚያሳይሽ ሰው ከሌለ እጅ ማውጣት ብቻ ይሆናል። ደመወዝተኛው በፈቃድ እጦት ሳይሠለጥን ከቀረ ወንበሩ ጡረተኛና ሀብታም ብቻ የሚቀመጥበት ይሆናል፤ ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

አለቃሽ አሁንም እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂው። የሠራተኛ ማኅበር ካለሽ ንገሪያቸው። ካልሆነ ነገሩ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል፤ ከዚያ በፊት ግን ኤካስ በሚባለው አስታራቂ ተቋም በኩል ማለፍ ግድ ነው። የማመልከቻ ጊዜው ውስን ስለሆነ ከከለከለሽ ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ።