ኦርጋን ተጫዋች ከኦርጋን ተጫዋች በምን ይበልጣል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ማኅበረ ምእመናናችን እሑድ የሚያስቀድሰው ከጀርመኖች በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ሆነ፣ ቅዳሜ ማታ መጋረጃና ምንጣፍ ልናሰናዳ ስንሄድ የቤቱ ኦርጋን ተጫዋች ሲለማመዱ እንሰማለን። ሽማግሌው አንዱን ዜማ ሃያ ጊዜ ይደጋግሙታል፤ ለእኔ ጆሮ ግን የመጀመሪያውም የሃያኛውም አንድ ነው። ቁልፉ ቀስ ተብሎ ቢነካም ቢመታም ድምፁ እኩል እንደሚወጣ ራሳቸው አሳይተውኛል። እንዲህ ከሆነ አንዱ ተጫዋች ከሌላው የሚበልጠው በምንድን ነው? እናንተስ ከሁሉ የምትወዱት ማንን ነው? ደግሞስ ወደ ላይ ወጥቼ አጠገባቸው ብቀመጥ ነውር ይሆን?

መልስ፦ አገራችን ውስጥ ኦርጋን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር የተጫወተበትን ዓይነት መሣሪያ ነው። እርስዎ የሚሰሙት ግን የነፋስ መሣሪያ ነው። ድሮ በሰው ጉልበት፣ ዛሬ በሞተር የሚነፋ ወናፍ ነፋሱን ወደ ሣጥን ይገፋል፤ ቁልፉ ሲጫን ከቧንቧው ሥር ያለው ክዳን ይከፈትና ቧንቧው ይጮኻል። የፒያኖም ሆነ የበገና ድምፅ ከተነካበት ቅጽበት ጀምሮ እየደከመ ይሄዳል፤ የኦርጋን ድምፅ ግን ጣት እስኪነሣ ድረስ እንደ ጀመረ ይቀጥላል። ስለዚህ የተጫዋቹ ዋና ሥልጣን ያለው ቁልፉን በሚለቅበት ሰዓት ላይ ነው።

አራት እኩል ድምፆች ተከታትለው መጡ እንበል። ተጫዋቹ ሦስቱን አያይዞ አራተኛውን ከልኩ ጥቂት አሳጥሮ ቢለቀውና የዓይን ጥቅሻ የምታህል ዝምታ ቢተው፣ ቀጥሎ የሚመጣው አምስተኛ ድምፅ በኃይል የተመታ ይመስላል፤ ነፋሱ ግን ቅንጣት አልጨመረም። ሽማግሌው ሃያ ጊዜ የደጋገሙት ይህችን ዝምታ ሲመጥኑ ሊሆን ይችላል። ቤቱም ራሱ ሌላ ጣጣ አለው፤ በትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከቧንቧ የወጣ ድምፅ ለብዙ ሰከንድ በጣሪያና በግድግዳ መካከል ሲንከራተት ስለሚቆይ፣ ፍጥነቱን ከቤቱ ጋር ያላስማማ ተጫዋች የቱንም ያህል ጣቱ ቢፈጥን ለአድማጭ የሚያደርሰው የተቀላቀለ ጉርምርምታ ብቻ ነው።

ከሁሉ የምንወደው ማንን እንደ ሆነ ለመናገር ሩቅ አንሄድም፤ የእርስዎው ከተማ ሰው ነው። ሄልሙት ቫልኻ እ.ኤ.አ. በ1907 ላይፕሲግ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ገና በወጣትነቱ ዓይነ ስውር ሆነ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በማይን ወንዝ ዳር ባለችው በድራይኮኒግስ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዓመታት ኦርጋን ተጫውቷል። የጥንቱን ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የባኽን የኦርጋን ሥራዎች አብዛኞቹን ሁለት ጊዜ ለሸክላ አስቀርጿል፤ መጀመሪያ ከ1947 እስከ 1952፣ ቀጥሎ ከ1956 እስከ 1971።

የሚያስደንቀው ይህን ሁሉ ያጠናበት መንገድ ነው። ባለቤቱን ጨምሮ ኖታ ማንበብ የሚችሉ ሰዎች አጠገቡ ተቀምጠው የአንዱን ድርሰት ድምፆች ለየብቻ ይጫወቱለት ነበር፤ የቀኝ እጁን ብቻ፣ ከዚያ የግራውን፣ ከዚያ የእግሩን። እርሱ እያንዳንዱን መስመር ራሱን እንደ ቻለ ዜማ በቃሉ ይይዝና በኋላ በአእምሮው ያጋጥማቸዋል። የቃል ትምህርት ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ፣ ዓይነ ስውር ሊቃውንት ድጓውን ያለ መጽሐፍ ሲያስቀጽሉ ላየ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። ፍሬውም ሲጫወት ይሰማል። አራት ድምፆች በአንድነት በሚሄዱበት ፉግ ውስጥ ሌላው ተጫዋች ብዙ ጊዜ የላይኛውን ዜማ ያጎላና ሌሎቹን አጃቢ ያደርጋቸዋል፤ ቫልኻ ዘንድ ግን መካከል ላይ ያለው ድምፅ እንኳ የራሱ ትንፋሽና የራሱ ማረፊያ አለው። በ1956 በሆላንድ አልክማር ከተማ፣ በቅዱስ ሎሬንስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ኦርጋን የቀረጸውን የባኽን «የፉግ ጥበብ» ፈልገው ያድምጡ፤ አንዴ አንዱን መስመር ብቻ፣ አንዴ ሌላውን እየተከተሉ። ደረቅ ነው፣ ስሜት ያንሰዋል የሚሉት አሉ። በአንዳንዱ ሥራ ላይ አልተሳሳቱም፤ እኛ ግን ያለቀሰ ከሚመስል ይልቅ እንዲህ የጠራ እንመርጣለን።

ሁለተኛ የምናስቀምጣት ፈረንሳዊቷን ማሪ ክሌር አለን ነው (1926–2013)። አባቷ በመኖሪያ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ በገዛ እጁ ኦርጋን የሠራ ሰው ነበር፤ ደራሲው ወንድሟ ዣን አለን በ1940 በ29 ዓመቱ በጦርነት ሞተ፤ እርሷም ሥራዎቹን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጫወት ኖረች። የባኽን ሥራዎች በሙሉ ሦስት ጊዜ ቀርጻለች። ለሦስተኛው ቅጂ በባኽ ዘመን የተሠሩ ኦርጋኖችን ፈልጋ ስትጫወት የጣቷ አካሄድ ራሱ ተለወጠ፤ ዝምታዎቹ በዙ፣ ጭፈራው ጎላ። በስም የገነነ ሰው ያንኑ ሥራ እንደ ተማሪ ከሀ ብሎ ሲጀምር ማየት ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

በቃል መያዝን ካነሣን ፈረንሳዊው ማርሴል ዱፕሬም አይቀርም፤ በ1920 ፓሪስ ውስጥ በአሥር ትርኢት የባኽን የኦርጋን ሥራዎች በሙሉ ያለ ኖታ ተጫውቷል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሁለት ወገን ነበር። ፓወር ቢግስ ቁልፉና ክዳኑ በእንጨት ዘንግ የተያያዙበትን፣ ጣት የነፋሱን መከፈት የሚቆጣጠርበትን የጥንት አሠራር ሲሰብክ፣ ቨርጂል ፎክስ ከ1970 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ ኦርጋንና በቀለም መብራት ለሮክ ሙዚቃ ወጣቶች ባኽን ይጫወት ነበር። ልባችን ከቢግስ ጋር ነው፤ ነገር ግን የፎክስን የእግር ፍጥነት የሰማ ሰው አፉን ይይዛል።

ሌላው የሚደነቁበት ነገር ያልተጻፈን ዜማ እዚያው መፍጠር ነው፤ ቅኔ እዚያው ተቆጥሮ እዚያው እንደሚዘረፍ ማለት ነው። የፓሪሱ ኖትርዳም ቤተ ክርስቲያን ከ2019 ቃጠሎ በኋላ ታኅሣሥ 2024 ሲከፈት፣ ሊቀ ጳጳሱ ኦርጋኑን ስምንት ጊዜ እየጠሩ ሲያነሡት፣ የቤቱ ኦርጋን ተጫዋች ኦሊቪዬ ላትሪና ባልደረቦቹ ለእያንዳንዱ ጥሪ እዚያው በፈጠሩት ዜማ መለሱ። ስምንት ሺህ ያህል ቧንቧዎቹ እሳቱ ባይነካቸውም አቧራው ስለ ወረሳቸው ወርደው ተጠርገው፣ እንደገና ተቃኝተው ነበር።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ስንመለስ፣ አጠገባቸው መቀመጡ ነውር የለውም፤ አስቀድመው ያስፈቅዱ እንጂ አብዛኞቹ ኦርጋን ተጫዋቾች ጎብኚ ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል። ከልምምዱ ግማሹን ከታች፣ ግማሹን ከላይ ሆነው ያድምጡ። ከላይ የክዳኖቹን ቋቋታና የጫማውን ኮሽታ ሳይቀር ይሰማሉ፤ አጫጭሮቹ ዝምታዎችም እዚያ ቁልጭ ብለው ይታወቃሉ። ዜማው ሲያልቅ ደግሞ ዓይንዎን ከጣታቸው ላይ አይንቀሉ፤ የመጨረሻውን ቁልፍ ከለቀቁ በኋላ ድምፁ ከጣሪያው እስኪወርድ እርሳቸውም አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲጠብቁ ያዩ ይሆናል።